ኢካሪያ በፍልሰታ

ጀርመን አገር አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ሰማንያና ዘጠና ዓመት የሞላቸውን ሰዎች ሳጥብ፣ ሳጎርስ፣ ክኒናቸውን ስቆጥር እውላለሁ። ለእረፍቴ ግሪክ ደሴት ሄጄ ሽማግሌዎችን ልጎበኝ ነው ያልኩ ጊዜ ባልደረቦቼ ከት ብለው ሳቁ። እህቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደውላ፣ «ሰው ዱባይ ይሄዳል፤ አንቺ ገንዘብ ከፍለሽ ሥራሽን ታዪያለሽ?» አለችኝ።

ደሴቱ ኢካሪያ ነው። «ብሉ ዞን» ከሚባሉት፣ ሰው ዕድሜ ይጠግብባቸዋል ከሚባሉት አምስት አካባቢዎች አንዱ። ሌሎቹ የጃፓኗ ኦኪናዋ፣ የጣልያኗ ሰርዲኒያ፣ የኮስታሪካዋ ኒኮያና ካሊፎርኒያ ያለችው ሎማ ሊንዳ ናቸው። ጃኒ ፔስና ሚሼል ፑላን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሰርዲኒያን የሽማግሌ መንደሮች ካርታ ላይ በሰማያዊ ካከበቡ ወዲህ ነገሩ ዓለምን ዞረ፤ መጽሐፍ ሆነ፣ ፊልም ሆነ፣ የታሸገ ምግብም ሆነ። እኔ ከአምስቱ ኢካሪያን የመረጥኩት በጾም ምክንያት ነው። ስለ ደሴቱ ያነበብኩት ሁሉ «ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ይጾማሉ፣ ጥራጥሬና ጎመን ይበላሉ፣ ቡና ያፈላሉ» ይላል። ይሄማ እናቴ ቤት ነው። ታዲያ እኛ ምን ሆነን ነው የማንሰነብተው? ይህን ጥያቄ ብቻ ይዤ ሄድኩ ብል ጉራ ይሆንብኛል። ባሕርም አምሮኝ ነበር።

ከአቴንሱ ፒሬየስ ወደብ ሰባት ሰዓት ያህል ነው ተብዬ ነበር። ነሐሴ ላይ ግን በኤጂያን ባሕር መልተሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ይነሳል፤ እሱ ከተነሳ የመርከብ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። ሃምሳ ዩሮ ገደማ የከፈልኩበት ትኬት ወንበር አልነበረውም። ውስጥ ስገባ ማቀዝቀዣው አጥንት ይሰብራል፤ ውጭ ስወጣ ነፋሱ ነጠላዬን ሊወስድ ይታገለኛል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ውሻዋን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አቀፈችው። ያን ብርድ ልብስ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድረስ በዓይኔ ስለምነው ነበር። ከፊታችን ያለ ልጅ ሁለቴ አስመለሰ፣ ሦስተኛው እኔ ጫማ አጠገብ ነበር። ኤቭዲሎስ ወደብ ስንደርስ ከሌሊቱ ዘጠኝ አልፏል። ወደብ ላይ የቆመው ባለታክሲ ሻንጣዬን እንኳ ሳይጭን «አርባ አምስት» አለኝ። በማግስቱ እዚያው ማረፊያ ያረፉ ፈረንሳያውያን በዚያው መንገድ ሃያ አምስት እንደከፈሉ ነገሩኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ክፍል ያከራዩኝ ወይዘሮ ግን በዚያ ሰዓት ቁጭ ብለው እየጠበቁኝ ነበር። ሰባዎቹን ያለፉ መበለት ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው ሃያ ቃል አይሞላም። ሳይጠይቁኝ ሻይ አፈሉልኝ፤ ስቀምሰው ጦስኝ ነው። ማር ጨመሩበት። የአገሬ ጦስኝ ሻይ፣ ባልተኛሁበት ሌሊት፣ ከማላውቃቸው እናት እጅ። ታክሲውን ለአንድ አፍታ ረሳሁት።

እሳቸውም ይጾሙ ነበር። የግሪኮች የፍልሰታ ጾም በፈረንጆች ኦገስት 1 ገብቶ 15 ላይ ይፈታል። የኛ የሚገባው በሳቸው ኦገስት 7 ነው፣ የሚፈታው 22 ነው። እኔ ገና መሐል ላይ ሳለሁ እነሱ ሊፈቱ ቀናት ቀርቷቸው ነበር። አንድ ጾም መሰለኝ፤ ማዕድ ላይ ስንቀርብ ግን ተለያየን። የመጀመሪያው ቀን እናት ደስ ብሏቸው አንድ ሳህን አመጡልኝ፤ ስምንት እግሮች፣ ከነመምጠጫቸው፣ በሎሚ የተጠበሱ። ኦክቶፐስ። ደም የለውም ብለው በጾም ይበሉታል፤ ቀንድ አውጣም እንዲሁ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ በጨዋ ደንብ እምቢ አልኩ። ዓርብ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ አደንጓሬው በውሃ ብቻ ተቀቅሎ መጣ። አጥባቂዎቹ ረቡዕና ዓርብ የወይራ ዘይት አይነኩም። እኔ ደግሞ ዘይት የሌለው የጾም ወጥ ታስቦኝም አያውቅ። በአፍ ባንግባባም ሁለታችንም በሌላኛዋ ጾም ገርሞናል።

ደሴቱ ሁሉ ጻድቅ ነው ማለቴ አይደለም። የእናት አማች በፍልሰታ መሐል በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ካቱራ የሚሉትን የፍየል አይብ በዳቦ ይገምጣል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ለሠርግና ለቀብር ነው። ኢካሪያን «ቀዩ ዐለት» ይሏታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ መንግሥት በሺህ የሚቆጠሩ ግራ ዘመሞችን እዚህ አግዟቸው ነበር፤ ሙዚቀኛው ሚኪስ ቴዎዶራኪስ አንዱ ነው። የደሴቱ ሰው ከነሱ ጋር ዳቦውን ተካፈለ፣ ፖለቲካቸውንም ወሰደ። ስለዚህ የሚጾመው ዘጠና ሲደርስ የማይጾመውም ይደርሳል። ይህን ስለ ደሴቱ የሚጽፉት ሰዎች ብዙም አያነሱትም።

ምግቡ ጥሩ ነው፤ አልዋሽም። ሱፊኮ የሚሉት አለ፦ ደበርጃን፣ ዝኩኒ፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በወይራ ዘይት ቀስ ብሎ የበሰለ። ጥቁር ዓይን ያላትን ነጭ አደንጓሬ በእንስላል ይሠሯታል። ከተራራ የተለቀመ ጎመን በሎሚ። በርበሬ ግን የለም። ሦስተኛው ቀን ላይ ከሻንጣዬ ሚጥሚጣዬን አወጣሁ፤ እናት በጣታቸው ጫፍ ቀምሰው የሆነ ቅዱስ ስም ጠሩ።

ከቀኑ ስምንት እስከ አስራ አንድ ሰዓት መንደሩ ይሞታል። ውሃ ልገዛ ወጥቼ ሁሉም ሱቅ ዝግ ሆኖ በዚያ ፀሐይ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ጀርመን የለመድኩት ሥርዓት አንገቴ ላይ ወጣ፤ በቀን የሚተኛ ሰው መቼ ይሠራል እያልኩ ተነጫነጭኩ። መልሱ ማታ ነው። ራኬስ በሚባለው የተራራ መንደር ከምሽቱ አራት ሰዓት ሱቅ ሲከፈት፣ ልጆች አደባባይ ላይ ኳስ ሲመቱ አይቻለሁ። የአቴንስ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በፈረንጆች 2009 ደሴቱን ሲያጠኑ ከሰማንያ ዓመት በላይ ባሉት ላይ ካገኟቸው ልማዶች አንዱ ይኸው የቀን እንቅልፍ ነው፤ ሌላው ደግሞ በየቀኑ መንቀሳቀስ። መንቀሳቀሱንስ ማንም አይመርጠውም፤ ደሴቱ ራሱ ቁልቁለትና ዳገት ነው። በድሮ ጊዜ ሰው የባሕር ወንበዴ ፈርቶ ቤቱን ከዳርቻው ርቆ፣ ከመርከብ እንዳይታይ ከቋጥኝ ሥር እየደበቀ ስለሠራ፣ ጎረቤት ለመጠየቅ እንኳ ተራራ መውጣት ግድ ነው።

ከነዚህ ቤቶች በአንዱ የ91 ዓመት አዛውንት አገኘሁ። የእናት ዘመድ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው በእንግሊዝኛ ታስተረጉመን ነበር። ድጋፍ በሌለው የድንጋይ ደረጃ ቲማቲም በቅርጫት ተሸክመው ሲወርዱ ሳይ እጄ ሳላስበው ተዘረጋ። መጦሪያው ቤት እንዲህ ያለ ደረጃ ላይ አንድ ሽማግሌ ብተው ከሥራ እባረራለሁ። አዛውንቱ ኢትዮጵያዊት ነኝ ስላቸው ፊታቸው በራ፤ ወጣት መርከበኛ ሳሉ ምጽዋ ገብተዋል። «ሙቀት!» አሉ፣ በእጃቸው እያራገቡ። ቀጥሎ ያነሱት ጣልያንን ነው። ኢካሪያን በፈረንጆች 1941 የያዛት የሙሶሊኒ ጦር ነበር፤ እኛ በዚያው ዓመት ተላቀቅን፣ እነሱ ተያዙ። ሰባት ዓመት ልጅ ሆነው ረሃቡን አይተውታል፤ በየመንደሩ ሰው አልቋል። «አሁን እየመጡ ቅጠል የምንበላበትን ምስጢር ይጠይቁኛል» አሉ። «ሌላ ምን ነበረንና?»

ከዚያ እኔን ጠየቁ። ትጾሚያለሽ? አዎ። አባትሽም ይጾሙ ነበር? አዎ፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ አንድም ቀን አልሰበረም። ዕድሜያቸውስ? በ61 ዓመቱ እንደሞተ ነገርኳቸው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ነው። ግፊት እንዳለበት ያወቅነው ሆስፒታል በገባበት ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ክንዱ ላይ መለኪያ ያሰረለት ሰው አልነበረም። አዛውንቱ ዝም ብለው ወደ ጠረጴዛው ጠቆሙኝ። ከጦስኙ ሻይ ጎን ያለውን ዓይኔ ቀድሞ አይቶት ነበር፦ አምሎዲፒን፣ የግፊት ክኒን፣ በየቀኑ ጠዋት አንድ። እኔም በየቀኑ የማድለው ክኒን ነው። በየወሩ የሚለካቸው ሐኪም አለ፤ አጊዮስ ኪሪኮስ ከተማ ሆስፒታል አለ፤ የባሰበት ወደ አቴንስ ይላካል። ፎቶ የሚያነሱት እንግዶች ቅርጫቱን፣ ወይኑን፣ የተሸበሸበ እጃቸውን አነሱ አሉኝ። የክኒኑን ካርቶን ያነሳ የለም። እኔ ግን ከዚያ ደሴት ያየሁት ትልቁ ነገር እሱ ነው። ሽሮውም፣ ጎመኑም፣ ጾሙም፣ ዳገቱም አለን፤ አባቴ ያጣው የዚያን ካርቶን ዋጋ እንኳ አይደለም፣ የመለኪያውን አምስት ደቂቃ ነው።

በዕድሜ ቁጥሩ የሚጠራጠሩም አሉ። ሳውል ኒውማን የተባለ ተመራማሪ መቶ ዓመት አለፉ የሚባሉ ሰዎች የሚበዙት የልደትና የሞት መዝገብ በተዝረከረከበት አካባቢ ነው ብሎ በ2024 ኢግ ኖቤል የሚባለውን የቀልድ መሳይ ሽልማት ወስዷል። ይህን ነገር ለአገሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። አያቴ የተወለደችው «ጣልያን ሲገባ ጡት ትጠባ ነበር» በሚል ነው፤ መታወቂያዋ ላይ ያለው ቀን የቀበሌ ጸሐፊው ፈቃድ ነው። እኔ ግን ስንት ቆዳ ነክቻለሁ፤ የአዛውንቱ 91 እውነት መስሎኛል። 89 ቢሆንስ ያን ደረጃ ማን ይወርደዋል?

ሌላም ቤት ገብቻለሁ። በገበያ የተዋወቅኳት የጆርጂያ ሴት ተንከባካቢ ናት፤ አንዲት የ97 ዓመት አሮጊት ታስታምማለች። ሥራዬን ስነግራት በእጄ ጎትታ ወሰደችኝ። ከኋላ ያለች ጠባብ ክፍል፣ መስኮቷ በመጋረጃ የተሸፈነ፣ አልጋዋ ላይ ከሦስት ዓመት በላይ የተኙ ሴት። ጀርባቸው አንድም ቁስል የለውም። ያን ያህል ጊዜ ተኝቶ ቁስል የሌለው ጀርባ ምን ያህል ሌሊት መገላበጥ እንደሚጠይቅ አውቃለሁና ልጅቷን አቀፍኳት። በወር ስድስት መቶ ዩሮ ነው የሚከፍሏት፤ ለዓመታት አገሯ አልገባችም። ስለ ረጅም ዕድሜ ሲወራ እሷም ትቆጠር።

በኦገስት 15 ላንጋዳ የሚባለው መንደር ፓኒጊሪ የሚሉት የመንደር ድግስ ነበር፤ የእመቤታችን በዓል። ወደዚያ የሚወስድ አውቶቡስ አልነበረም። መንገድ ዳር ቆሜ እጄን ሳነሳ የመጀመሪያው መኪና ቆመልኝ፤ ኢካሪያ እንዲህ ነው የሚኬደው። ዛፍ ሥር ረጃጅም ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ የተቀቀለ ፍየል በኪሎ ይሸጣል፤ ወይኑ በጠርሙስ። ትርፉ ለመንደሩ መንገድና ውሃ ይውላል። ለነሱ ጾሙ ተፈቷል፤ ለእኔ ነሐሴ 9 ነው። ከፊት ከኋላ የፍየል ሽታ ከቦኝ ድንች ጥብስና ሰላጣ አዝዤ ተቀመጥኩ። ጎረቤቶቼ ሥጋ ሳህኔ ላይ ሊያደርጉ ሲሉ ነገሩን ያስረዳችልኝ የአዛውንቱ የልጅ ልጅ ናት። አንድ ቄስ ሰምተው መጥተው ጨበጡኝና ራሳቸው ወይን ቀዱልኝ። ቫዮሊኑ ሲጀምር ሰው በትከሻ ተያይዞ ክብ ሠራ። የአስራ ስድስት ዓመት ልጅና የሰማንያ ዓመት ሰው ጎን ለጎን፣ አንዱ ሌላውን ሳያሳዝን። እስክስታ የለመደ ትከሻዬ ለብቻው ሊሄድ እያለ እግሬን ያዝኩላቸው። ስመለስ ነግቷል።

ቀሪዎቹ ቀናት በመዋኘትና ማለዳ ባለማየት አለፉ። ቴርማ የሚባለው ቦታ ሄጄ ራዶን የሚባል ጨረር ያለው ጋዝ ባለበት ፍል ውሃ ተነክሬአለሁ፤ የአዲስ አበባው ፍል ውሃ በብዙ ይበልጣል፣ ቢያንስ ፎጣ ይሰጣል።

ለምትሄዱ፦ ክፍል በሰኔ ያዙ፤ ጥሬ ገንዘብ አይለያችሁ፤ ከአቴንስ የሚነሳ በረራችሁን ከመርከቡ ማግስት አታድርጉት፣ ነፋሱ ቀናችሁን ይበላዋል። የሚጾም ሰው ደግሞ ከነሐሴ 16 በኋላ ቢሄድ ይሻለዋል። ፓኒጊሪው እስከ መስከረም በየመንደሩ ስለሚቀጥል ፍየሉ አያመልጠውም።