ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሰማችኝ እናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። ኪዳነ ምሕረት ልጄን ብትምርልኝ ለሰው ሁሉ እመሰክራለሁ ብዬ ነበር። ማረችልኝ።

የምንኖረው ሽሮ ሜዳ ነው፣ እንጦጦ ሥር። ልጄ ሦስት ዓመት ከሞላው ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ያስለው ነበር። ቀን ምንም የለበትም። ይሮጣል፣ ይጫወታል፣ ይበላል። ማታም በሰላም ይተኛል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ግን ይጀምረዋል። ደረቅ ሳል ነው። ያስለዋል፣ ያስለዋል፣ መጨረሻ ላይ የበላውን ያስመልሰዋል። አቅፌው ቁጭ እላለሁ። ጆሮዬን ደረቱ ላይ ሳደርግ ሲር ሲር ይላል። ስንቱን ሌሊት እንዲህ አነጋነው።

ዝንጅብል በማር አፍልቼ ሰጠሁት። ዳማከሴ አሸተትኩት። ጤና ጣቢያም ክሊኒክም ተመላለስኩ። ብርድ ነው ተባልኩ፣ ቶንሲል ነው ተባልኩ። በአንድ ክረምት ብቻ አራት ጊዜ አሞክሳሲሊን ታዘዘለት። ለጥቂት ቀን ሻል ይለውና ተመልሶ ያው ነው። አንዲት የማከብራቸው ጎረቤት ደግሞ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ አስቆርጪለት» አሉኝ። ክፋት የላቸውም፤ የራሳቸውንም ልጆች አስቆርጠዋል። እኔን ግን ሆዴ እምቢ አለኝ። እንጥል ሲቆረጥ ሕፃን ደም ሊፈሰው፣ ቁስሉም ሊያመረቅዝበት እንደሚችል የተረዳሁት በኋላ ነው። ያቺ እምቢታ ራሷ የእመቤቴ ሥራ ነበረች።

ጸበል ይዤው ወጣሁ። ያገኘኋቸው አባት ሳሉን ሰምተው «በዚህ ብርድ አይጠመቅ፣ ይጠጣ» አሉኝ። ቀጥለው «ሐኪምስ?» ሲሉኝ «ሰለቸኝ አባቴ» አልኩ። «ልጄ፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል ሲራክ። ሂጂ፣ እሷ ትመራሻለች» አሉኝ።

የዚያን ሌሊትም 9 ሰዓት ላይ ጀመረው። ሰአሊ ለነ ቅድስት ብዬ ከዚያ በላይ ቃል አጣሁ። እያለቀስኩ እንዲህ አልኳት፦ «ልጅሽን ታቅፈሽ በሌሊት ወደ ግብፅ የተሰደድሽ እናት፣ የሌሊት ጭንቅ ታውቂያለሽ። ወይ አንቺ አድኚልኝ፣ ወይ የሚያውቅ ሰው አገናኚኝ።»

በሦስተኛው ቀን ሌላ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። አንድ ወጣት ሐኪም ገና መድኃኒት ሳያነሳ «እናቱ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያስለው?» አለኝ። ይህን እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እንባዬ መጣ። ከቤተሰብ አስም ያለበት ሰው ካለ ጠየቀኝ። የባለቤቴ እናት አለባቸው። በሕፃንነቱ ቆዳውን ያሳክከው እንደነበር ጠየቀኝ። ያሳክከው ነበር። ከዚያ «ቡና የት ነው የምታፈሉት?» አለኝ። ቤታችን አንድ ክፍል ናት። ከሰሉም እጣኑም ልጄ የሚተኛበት ቦታ ነው የሚጨሰው። ይሄ በጣም አመመኝ።

የአየር ቧንቧው እየተቆጣ ያብጣል፣ ይጠባል አለኝ። ሌሊት፣ ብርድና ጭስ ደግሞ ያባብሱታል። በዚህ ዕድሜ አስም ነው ብሎ መቁረጥ ስለሚከብድ መድኃኒቱን ለሁለት ሦስት ወር ሰጥተን ለውጡን እንይ አለ። ሁለት ዓይነት ፓፍ አዘዘ፤ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ነው። አንዱ ደህና ቢሆንም በየቀኑ ጠዋትና ማታ የሚወሰድ፣ ሌላው ሲነሳበት ብቻ። ስፔሰር የሚባለውን፣ ፓፉ ላይ ተገጥሞ ልጅ የሚተነፍስበትን ዕቃ ፋርማሲ አጣሁ። ስመለስ ሐኪሙ ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አመጣና ታቹን በፓፉ አፍ ልክ በስቶ ሠራልኝ። ልጄ በጠርሙሱ አፍ በኩል ቀስ እያለ አምስት ስድስት ጊዜ ይተነፍሳል። የየቀኑን ከወሰደ በኋላ አፉን ይጉመጠመጣል። ሰው «ፓፍ ሱስ ይሆንበታል» ሲለኝ ፈርቼ ነበር። ሱስ አይሆንም፣ ሲሻለው ግን በራስሽ እንዳታቋርጪ አለኝ።

ለእናቶች አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እሱ ያስጠነቀቀኝን። ልጅ ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ስርጉድ ስርጉድ ካለ፣ መናገር ካቃተው፣ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ እስኪነጋ አትጠብቁ። በዚያው ሌሊት ሩጡ።

ቡናውን ወደ ደጅ አወጣሁት። እጣን በጣም እወዳለሁ፤ እሱንም ከቤት አወጣሁ። ጸሎቴን ግን አላቋረጥኩም። በአራተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት የኪዳን ደወል ቀሰቀሰኝ። 11 ሰዓት ሆኗል። 9 ሰዓት አልፏል፣ እኔም ልጄም አልሰማነውም። እጄን ደረቱ ላይ አደረግኩ። ሲር ሲር የለም። ተንበርክኬ እስኪነጋ አመሰገንኳት።

አሁንም ሐኪሙ ጋ ክትትል አለን። ጉንፋን ሲይዘው አልፎ አልፎ ይነሳበታል፣ ግን ቶሎ ይመለስለታል። የካቲት 16 ስለቴን ላደርስ ወጣን። እኔ የተሳልኩትን መጋረጃ ተሸክሜያለሁ፣ ፓፉና ሃይላንዷ ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። ልጄ የእንጦጦን ዳገት በእግሩ ወጣው። ሁለት ጊዜ ብቻ «እማዬ ቆይ» ብሎኝ አረፍን።