ጉድባ ፍለጋ፦ ከኢጄቡ ጫካ እስከ ንግሥተ ሳባ

የጥንት ጉድባና የአፈር ካብ በሳተላይት ምስል መፈለግ ከጀመርኩ ቆየት ብያለሁ። ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ የናይጄሪያው የሱንግቦ ኤሬዶ ነው።

ላልሰማችሁ፦ ኤሬዶ በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ፣ በኢጄቡ ኦዴ ከተማ ዙሪያ የተቆፈረ ጉድባ ነው። የወጣው አፈር በውስጥ በኩል ተቆልሎ ካብ ሆኗል። ርዝመቱ ከ160 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በአንዳንድ ቦታ ከጉድባው ወለል እስከ ካቡ አናት 20 ሜትር ይደርሳል፤ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ በሉት። በእጅ ነው የተቆፈረው። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ፓትሪክ ዳርሊንግ 3.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አፈር ሳይነሳበት እንዳልቀረ ገምቷል። ከታላቁ የግብፅ ፒራሚድ ይበልጣል ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ አፈር ታዲያ ከላይ ሲታይ የለም! ጎግል ኧርዝ ላይ ጉድባውን የሚያቋርጥ መስመር አሰምሬ የከፍታ ግራፉን አወጣሁ። ልሙጥ ነው። ምክንያቱ ሲገባኝ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። በነፃ የምናገኘው የከፍታ መረጃ አብዛኛው እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር ላይ በራዳር የተለካው ነው። እያንዳንዱ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር የሚሆን መሬት ይወክላል። ጠባብ ጉድባ እዚያ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። በዚያ ላይ ጫካ አለ። ራዳሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው መሬቱን ሳይሆን የዛፉን አናት ነው። ዛፉን አልፎ መሬት የሚደርሰው ከአውሮፕላን የሚተኮሰው ሌዘር፣ ማለትም ላይዳር ነው። በጫካ የተዋጡት የኢኳዶሩ የኡፓኖ ሸለቆ ጥንታዊ ከተሞች ስፋት እ.ኤ.አ. በ2024 ለዓለም የተገለጠው በእሱ ነው። ላይዳር ግን በእኛ ኪስ የሚሞከር አይደለም።

ስለዚህ ዘዴ ቀየርኩ። ከፍታውን ትቼ ዛፉን መከተል ጀመርኩ። ገደል የሆነ ጉድባ አይታረስም። እርሻና ሰፈር ባለበት አካባቢ፣ ያለምክንያት የሚጠማዘዝ ቀጭን የዛፍ መስመር ካያችሁ ጠርጥሩ። ከዚያ የድሮ ምስሎችን እያገላበጣችሁ ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ የተነሳውን ምረጡ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥላው ያጋልጠዋል። መንገድ ጉድባውን ቆርጦ የሚያልፍበት ቦታ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። ከመሬት የተነሱ ፎቶዎች የሚበዙትም እዚያ ነው። ቀይ ላተራይት አፈር ለአየር ሲጋለጥ ስለሚጠነክር ግድግዳው እስከ ዛሬ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ላዩን አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት አልብሶታል፣ ሥሮች ተንጠልጥለዋል፣ ከላይ ቅርንጫፎቹ ገጥመው ሰማዩን ዘግተውታል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር። ማን ቆፈረው?

የአካባቢው ሰው መልስ አለው። ቢሊኪሱ ሱንግቦ የምትባል ባለጸጋ፣ ልጅ ያልወለደች እመቤት መታሰቢያ እንዲሆናት አስቆፈረችው ይላል። መቃብሯ ኦኬ ኤሪ በምትባል መንደር ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይሳለመዋል። ሴት ግን አትገባም፤ የሴት መቃብር ሆኖ! በእስልምና ትውፊት ንግሥተ ሳባ ቢልቂስ ስለምትባል፣ ቢሊኪሱ እሷው ናት የሚሉ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 የዳርሊንግ ጥናት ሲወራ ሚዲያው የተንጫጫውም በዚህ ነው። ፒተር ሎይድ የተባለ ተመራማሪ ግን ከዚያ 40 ዓመት ቀድሞ ስለ ኤሬዶ ጽፎ ነበር፤ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም።

ችግሩ ዘመኑ ነው። ከካቡ ሥር የተገኘ ከሰል ከካቡ ይቀድማል፤ ጉድባው ወለል ላይ የተጠራቀመ ደለል ደግሞ ከቁፋሮው በኋላ የመጣ ነው። የሁለቱን ዕድሜ ስትይዙ የቁፋሮው ዘመን መሃል ላይ ይገኛል። መጀመሪያ የተባለው አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ነበር። ኋላ አርኪዮሎጂስቶቹ ጄራርድ ሹዋንና ኦላንሬዋጁ ላሲሲ ቆፍረው ያገኙት ከ1370 እስከ 1420 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያለውን ጊዜ ያመለክታል። በ1500ዎቹ መጀመሪያ ፖርቹጋላዊው ዱዋርቴ ፓቼኮ ፔሬይራ ኢጄቡ በትልቅ ጉድባ የተከበበች ከተማ መሆኗን ጽፏል። ይሄ ሹዋንና ላሲሲ ካገኙት ጋር ይገጥማል። ሰሎሞን ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ንጉሥ ነው። በመሃሉ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ገባ።

እዚህ ላይ መሳቅ አማረኝ፤ ወዲያው አክሱም ትዝ አለኝና ተውኩት። ዱንጉርን የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት እንላለን። ማይ ሹምን መታጠቢያዋ እንላለን። አርኪዮሎጂስቶች ዱንጉርን የሚያስቀምጡት በ6ኛው ወይም በ7ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. ነው። በእኔ አስተያየት ኢጄቡም አክሱምም ያደረጉት ያው ነው፤ ትልቅ ሥራ አዩ፣ ከሚያውቁት ሁሉ ትልቋን እመቤት ሰጡት። ስሙ ዘመን አይነግረንም። ሰዉ ያንን ሥራ ምን ያህል እንደሚያከብረው ግን ይነግረናል።

ለምን ተቆፈረ የሚለው ገና አልተቋጨም። ካቡ ውስጥ፣ ጉድባው ውጭ መሆኑ ለመከላከያ ይመስላል። ግን 160 ኪሎ ሜትር በየትኛው ጦር ይጠበቃል? እኔ ወደ ድንበር ምልክትነቱ አደላለሁ፤ ከዚህ ወዲያ የኢጄቡ መንግሥት ግዛት ነው ለማለት።

ቀጥሎ ወደ አገር ቤት እመለሳለሁ። የዳውሮው የንጉሥ ሃላላ ካብ ድንጋይ ስለሆነ ጥላውን ለማንበብ ይመቻል፤ በእሱ እለማመዳለሁ። ከዚያ ካፋ። የካፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 በምኒልክ ጦር እስኪያዝ ድረስ ድንበሩን በጉድባና በኬላ ነበር የሚያስጠብቀው። እዚያም ጫካ ስላለ የኢጄቡን ዘዴ እሞክራለሁ። የቦንጋ አካባቢ ልጆች ካላችሁ፣ ሽማግሌዎች ጉድባው በየት በኩል ያልፍ ነበር እንደሚሉ ጠይቃችሁ ላኩልኝ። የወንዝ ወይም የቀበሌ ስም ይበቃኛል።