ምን ልላክልሽ?

እሁድ ማታ፣ የሌሊት ፈረቃ ልገባ ስል።

ሲዲዋን የገዛኋት በ1 ዶላር ነው። እዚህ ዳላስ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው አሮጌ ዕቃውን ጋራዡ ፊት ዘርግቶ ይሸጣል። እኔ የሄድኩት ድስት ፍለጋ ነበር። ሽፋኗ ላይ መጽሐፍ የያዘች ሴት አለች። ሻጯ አሮጊት «የእኛ የቴክሳስ ልጅ ናት» ሲሉኝ ይሉኝታ ያዘኝና ገዛኋት። መኪናዬ አርጅታለች፣ ሲዲ ታጫውታለች። እርጅናዋ ጠቀመኝ።

ዘፋኟ ናንሲ ግሪፊዝ ናት። አልበሙ በ1993 ወጣ፤ ርዕሱ ከትሩማን ካፖቴ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው፣ «ሌሎች ድምፆች፣ ሌሎች ክፍሎች» እንደማለት። 17 ዘፈን አለው። አንዱም የራሷ ድርሰት አይደለም።

መጀመሪያ አልተዋጠልኝም። እኛ ጋ የሰው ዘፈን የጀማሪ ሥራ ነው። ልጁ ናይት ክለብ የጥላሁንን ሲዘፍን ያድግና አንድ ቀን «የራሱን ሥራ» ያወጣል። ትዝታ ብቻ ነው ከዚህ የሚያመልጠው፤ እሱ የማንም አይደለም፣ ሁሉም የየራሱን ስንኝ ይጨምርበታል። ናንሲ ግን ግጥም የቸገራት ሴት አልነበረችም። የሷን ዘፈን ካቲ ማቴያ የምትባል ዘፋኝ ወስዳ ተወዳጅ አድርጋዋለች። ጁሊ ጎልድ የጻፈችውን «ከሩቅ ሲያዩት» የሚል ዘፈንም ቀድማ አልበሟ ውስጥ ያስገባችው ናንሲ ስትሆን፣ ስሙ በዓለም የገነነው ዘፋኟ ቤት ሚድለር ስትዘፍነው ነው። ዘፈን ከእጅ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ታውቃለች ማለት ነው። ታዲያ ግራሚ የሚባለውን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት ያገኘችው በየትኛው ነው? በዚሁ፣ አንድም ዘፈን ባልጻፈችበት!

አልበሙ የሚከፈተው በ1986 በሞተችው በዘፋኟ በኬት ዎልፍ ዘፈን ነው። ጆን ፕራይን ደግሞ የራሱን ዘፈን አብሯት ይዘፍናል፣ እንደ እንግዳ። መዝጊያው በ1939 ጆሃንስበርግ ውስጥ ከተቀረጸው ከደቡብ አፍሪካዊው ዘፋኝ ከሰለሞን ሊንዳ ዜማ የመጣ ነው። ሁሉም ተሰብስበው በደስታ ያዜሙታል። እኔን ግን ይከነክነኛል። ሊንዳ በ1962 ድሃ ሆኖ ነው የሞተው፤ ዜማው ስንቱን ሀብታም አድርጎ።

እነዚህን ሁሉ እያለፍኩ አንዱን ብቻ እደጋግማለሁ። ቦብ ዲላን በ1964 ያወጣውን፣ የስፔን ቆዳ ቡትስ ጫማ ያለበትን። ሁለት ፍቅረኛሞች ይነጋገራሉ። አንዱ በመርከብ ሊሄድ ነው። «ምን ልላክልሽ?» ይላል። ሌላዋ ምንም አልፈልግም፣ አንተ ብቻ በሰላም ተመለስ ትላለች። ደግሞ ይጠይቃል፤ ብር ይሁን ወርቅ? አይሆንም። ከመርከቡ ደብዳቤ ይመጣል፣ መቼ እንደሚመለስ አላውቅም የሚል። ያኔ ነው የቀረችው መጠየቅ የምትጀምረው። እንግዲያው የስፔን ቡትስ ጫማ ላክልኝ።

ዲላን ሲዘፍነው ቀሪው ወንድ ነው። ናንሲ ስትዘፍነው ጆሮዬ ቀሪዋን ሴት አደረጋት። ዲላን ራሱ ከኋላዋ ሃርሞኒካ ይነፋል፣ የገዛ ዘፈኑን ለሷ ለቆ። አታለቃቅስበትም፤ ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው ቀስ ብላ ነው የምትለው። የመጀመሪያ ቀን ጫማው ስጦታ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ነው የገባኝ፣ ሀይዌይ ላይ። ጫማ የጠየቀችው ሰውየውን መጠበቅ ስላቆመች ነው።

እዚህ ከመጣሁ 9 ዓመት ሆነኝ። «ምን ልላክልሽ?» የሚለውን ስንት ጊዜ እንዳልኩት እንጃ። እማዬ መልሷ አንድ ነው፦ «ምን ጎደለኝ ብለሽ? አንቺን ዓይንሽን ልየው እንጂ።» አንዳንዴ ትቆጣለች። የላክሁላትን ሽቶ ሳትከፍት ለጎረቤት ሰጥታለች።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩ። ደሴ ሊመሽ ነው፣ ብርድ ገብቷል አለችኝ። ዘንድሮም ፈቃድ እንዳላገኘሁ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «የሚመጣ ሰው ካለ ሹራብ ላኪልኝ። ወፈር ያለ።»

ቀለሙን ጠየቅኳት። ደስ ያለሽን አለችኝ።