የአጎቴን የድሮ ፋይሎች ወደ ዩኒኮድ ስመልስ ስለ ፊደልና ስለ ፎንት የተማርኩት

አጎቴ የተወለዱበትን አካባቢ ታሪክ በ1980ዎቹ መጨረሻ ኮምፒውተር ላይ ጽፈው ነበር። የዘር ሐረጉ፣ ተረትና ምሳሌው፣ የየዘመኑ ገዢ ስም፣ ሁሉም አለበት። ፋይሎቹ ከዲስኬት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ ሲገለበጡ ኖረው እኔ ጋ ደረሱ። ስከፍታቸው አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። ከላይ እስከ ታች ነጥብና ጭረት የተጫነባቸው የላቲን ፊደላት፣ የገንዘብ ምልክቶች፣ ቅንፎች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ፋይሉ ተበላሽቷል" ብሎ ይተወዋል። ፋይሉ ግን ደህና ነው።

ነገሩ ግልጽ የሚሆነው ፊደልና ፎንት ለየቅል መሆናቸውን ስናውቅ ነው። "ለ" ፊደል ነው። ፎንት ደግሞ ያ "ለ" ስክሪን ላይ ወይም ወረቀት ላይ የሚይዘው መልክ ነው። አንድን ደብዳቤ ሁለት ሰው ቢገለብጠው የእጅ ጽሑፉ ይለያያል፣ ደብዳቤው ግን ያው ነው። ኮምፒውተር ፊደሉን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። ዩኒኮድ የዓለም ፊደላት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር የሚያገኙበት የጋራ ሥርዓት ነው፤ በእሱ ሀ 4608 ነው፣ ሁ 4609። ለ ደግሞ 4616 ነው። ሏ እንኳ ሳትቀር የራሷ 4623 አላት። ፎንቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቁጥሩን አይቶ ቅርጹን ይስላል።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። አጎቴ የጻፉት ከዚያ በፊት ነው። ያኔ የአማርኛ ሶፍትዌር ይሠሩ የነበሩ ሰዎች የላቲን ፊደላትን ቦታ ወስደው በላዩ ላይ የእኛን ፊደል ቅርጽ ሳሉ። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ቁጥር ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው አማርኛ። አንድ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው፣ እሱም ሁሉ አያገለግልም። 33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው። ዲቃላ ፊደላቱ፣ የግዕዝ ቁጥሩና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ፎንት አካፈሉት። ሌሎቹ ግንዱን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አድርገው ገጣጠሙት። እነዚያን ሰዎች ከልቤ አከብራቸዋለሁ፤ በዚያ ጠባብ ቦታ አማርኛን ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ቀላል አልነበረም። ጣጣው ፎንቱ ሲጠፋ ፊደሉም አብሮት መጥፋቱ ነው።

መጀመሪያ የድሮውን ፎንት ፈለግሁ። ዎርድ ላይ ጽሑፉን ጠቅ ስታደርጉት ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ባይኖርም ስሙ ከላይ ይታያል። ከአንድ የቆየ ኮምፒውተር ላይ አግኝቼ ስጭነው አማርኛው ብቅ አለ። ደስ ይላል፣ ግን በቂ አይደለም። አማርኛ ቃል ብትፈልጉ አያገኝላችሁም። ወደ ስልክ ብትልኩት መልሶ ያው ዝብርቅርቅ ነው።

ዋናው ሥራ የመመለሻ ሠንጠረዡ ነው። ፎንትፎርጅ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ ፎንቱን ከፍቶ በእያንዳንዱ ቦታ ምን እንደተሳለ ያሳያል። በግራ የድሮውን ቁጥር፣ በቀኝ የዩኒኮዱን ፊደል እየጻፍኩ ሄድኩ። ልብ የሚፈልገው የተገጣጠሙት ላይ ነው። የ"በ" ቅርጽ ብቻውን "በ" ነው፤ ከኋላው ቅጥያ ከመጣ ግን ሁለቱ አንድ ላይ "ቡ" ናቸው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ "በ"ን ከለወጠ ቅጥያው ወላጅ አልባ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሁልጊዜ ረጅሙ ጥምረት ይቀድማል፣ ነጠላው ይከተላል። ይህን ቅደም ተከተል የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ሌላው ከባድ ነገር እንግሊዝኛው ነበር። አጎቴ እዚህም እዚያም የውጭ ሰዎችን ስም በላቲን አስገብተዋል። በጅምላ ብትለውጡት ስሙ ትርጉም የሌለው የአማርኛ ፊደል ክምር ይሆናል። የላቲኑ ቁጥር ለሁለቱም አንድ ነውና የሚለያቸው ፎንቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ፋይሉን በአዲሱ የዎርድ ዓይነት አስቀምጬ፣ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በጻፍኩት አጭር ፕሮግራም የእያንዳንዱን ቁራጭ ጽሑፍ የፎንት ስም አነበብኩ። የአማርኛው ፎንት ያለበትን ብቻ ለወጥኩ፣ ሌላውን አልነካሁም። ከዚህ የተነሳ ለማንም የምመክረው አንድ ነገር አለ፦ የድሮ ፋይል ወደ ተራ ጽሑፍ ቀይራችሁ አትጀምሩ። የፎንት ስሙ ከጠፋ መለያው ጠፋ።

አራት ነጥቡም የራሱ ታሪክ አለው። በአጎቴ ፋይል ውስጥ ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ነው አራት ነጥብ የሚመስለው። በዓይን ልዩነቱ አይታወቅም ማለት ይቻላል። ለኮምፒውተሩ ግን ፡ 4961 ነው፣ ። ደግሞ 4962። ሁለት 4961 ሲደረደሩ 4962 አይሆኑም።  ዛሬም በዩኒኮድ እየጻፈ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው።

ፋይሉን ያዩ ወዳጆች "ሠ"ንና "ሰ"ን፣ "ሐ"ንና "ሀ"ን በዚያው አንድ አድርጋቸው ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ድምፃቸው በዛሬው አማርኛ አንድ ቢሆንም የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ሠ 4640 ነው፣ ሰ 4656። አጎቴ "ሥራ" እና "ፀሐይ" ብለው ከጻፉ እንዲሁ ይቀመጣል። ለፍለጋ እንዲመች ፊደላቱን ያቀራረበ ሌላ ቅጂ ለብቻ አዘጋጀሁ።

እናንተም የድሮ ፋይል ካላችሁ መፈተሻው ቀላል ነው። ጽሑፉን መርጣችሁ ፎንቱን ወደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም ወደ አቢሲኒካ ቀይሩት፤ ሁለቱም የዩኒኮድ ፎንቶች ናቸው። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው። ወደ ላቲን ከተለወጠ መመለስ አለበት። ባዶ ሳጥን ካያችሁ ግን ብዙውን ጊዜ አያሳስብም፤ ፊደሉ አለ፣ የጎደለው እሱን የሚስል ፎንት ነው፣ መጫን ብቻ ነው።

የተመለሰውን ጽሑፍ ለቤተሰቡ በአቢሲኒካ አተምኩት፣ የብራና ጽሑፍ መልክ ስላለው። ስልክ ላይ ለሚያነቡት ኖቶ ሳንስን መረጥኩ፣ በትንሹም ጥርት ብሎ ይነበባል። ሁለቱ የወጡት ከአንድ ፋይል ነው። የድሮዎቹን ፋይሎች ከነፎንታቸውና ከነሠንጠረዡ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። በዚያው ፎንት የተጻፈ ሌላ ሰነድ ያለው ዘመድ ከመጣ ሠንጠረዡ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።