ሌላኛውን እግር አምጣ

የአንድ ደብር ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ጸሐፊ ነኝ። መዝገብ ቤቱም እኔው ነኝ። ሁለት ሥራ፣ አንድ ደሞዝ። የደብሩን ስም አልጠራም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ነው፣ ይበቃል።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ነው። ጠቡ የአዳራሽ ቁልፍ ጠብ ነበር። አዳራሹን ያሠሩት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ ብሎኬቱን በትከሻቸው ተሸክመው፣ ቆርቆሮውን በየቤቱ ዞረው ለምነው። መሬቱ ደግሞ የደብሩ ነው። ሰበካ ጉባኤው ለተዝካርና ለክርስትና ድግስ እናከራየው አለ። ልጆቹ የመዝሙር ጥናታችን የት ይሁን አሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚከብደው ጠብ እንዲህ ያለው ነው። አንደኛው ወገን ሌባ ቢሆን ኖሮ ባንድ ቀን ያልቅ ነበር።

ቁልፉ አንድ ነው። የያዙት ልጆቹ ናቸው።

ከጽሕፈት ቤታችን እስከ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ክፍል ስንት እርምጃ እንደሆነ ቆጥሬዋለሁ። ሠላሳ ስድስት ነው። በዚህች ሠላሳ ስድስት እርምጃ ላይ በሁለት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ደብዳቤ ተመላልሷል። ቁጥር ያለው፣ ማኅተም ያለው፣ ግልባጭ ያለው። ግልባጩ ለክፍለ ከተማው ቤተ ክህነት፣ ሲብስም ለሀገረ ስብከቱ። ግልባጭ በጣም የሚወዱ አንድ ሰው ነበሩን። አሁን ሌላ ደብር ተዛውረዋል፤ እዚያም ቶነር ቶሎ ቶሎ ያልቃል ሲሉ ሰምቻለሁ።

የሁለቱንም ወገን ደብዳቤ የምጽፈው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ሰንበት ትምህርት ቤቱ ፕሪንተር የለውም። እኔ እዚያው ዘምሬ ያደግኩ ነኝ፣ እምቢ ማለት አልችልም። ሊቀ መንበሩ፣ ባንክ የሚሠራ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ፣ በእጁ የጻፈውን ወረቀት ይዞ ይመጣል። «ወንድሜ፣ እስኪ አስተካክለህ ምታልን» ይለኛል። ጠዋት የእነሱን እመታለሁ። ራሴ ገቢ ብዬ እመዘግባለሁ። ራሴ ለአለቃችን አቀርባለሁ። ከሰዓት ደግሞ መልሱን ራሴ እጽፋለሁ። አንዳንድ ቀን ራሴ ለጻፍኩት ደብዳቤ ራሴው ስናደድ እገኝ ነበር።

ጣጣው ያለው «አስተካክለህ» የምትለዋ ላይ ነው። ልጆቹ «አባታችን፣ ቅር ብሎናል» ብለው ይጽፋሉ። ይሄ የደብዳቤ ቋንቋ አይደለም። እኔ «የተሰማንን ከፍተኛ ቅሬታ እንገልጻለን» አደርገዋለሁ። አለቃችን በበኩላቸው መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «ልጆቹን ቁልፉን ይዘው ይምጡ በላቸው፤ ቁጭ ብለን እንነጋገር» ይሉኛል። ይሄም የደብዳቤ ቋንቋ አይደለም። ኮምፒውተሬ ላይ ከእኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ የተወው አንድ ፋይል አለ። ስሙ «ማሳሰቢያ የመጨረሻ» ይላል። እሱን ከፈትኩና የተቀባዩን ስምና ጉዳዩን ብቻ ቀየርኩ። «በሕገ ወጥ መንገድ ይዛችሁ የምትገኙትን የአዳራሽ ቁልፍ ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ ባሉት 3 የሥራ ቀናት ውስጥ እንድታስረክቡ በጥብቅ እናሳስባለን።» ከሥሩ «ከመንፈሳዊ ሰላምታ ጋር» ይላል።

አለቃ ፈረሙ። አላነበቡትም። ያምኑኝ ነበር።

ሆሳዕና አለፈና ሰሙነ ሕማማት ገባ። ሁለቱ ወገኖች ሰላም ከተባባሉ ወራት አልፏል። በዚያ ሳምንት ግን ማንም ለማንም ሰላምታ አይሰጥም። የይሁዳን መሳም እያሰብን አንሳሳምም፣ አንጨባበጥም፣ መስቀልም አንሳለምም። ስለዚህ ኩርፊያቸው ሥርዓት መሰለ። እንግዳ ሰው ቢያያቸው እንዴት ያሉ ጠንቃቃ ምእመናን ናቸው ብሎ ይሄድ ነበር።

ረቡዕ ከስግደቱ በኋላ ለትንሣኤ ዝግጅት ሰበካ ጉባኤው ተጠራ። ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ካህናቱም፣ ምእመናኑም፣ ወጣቶቹም ወኪል አላቸው። የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንቡ፣ ቃለ ዐዋዲው፣ በ1965 ዓ.ም. ሲወጣ እነዚህ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እንዲመካከሩ ብሎ ነው። እኛ ጋ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በደብዳቤ ይነጋገራሉ።

ገንዘብ ያዣችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የሻማውና የጧፉ ነገር እንዳለቀ እጃቸውን አወጡ። «ባለፈው ሐምሌ ምን አየን?» አሉ። «ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ተወጋግዘው የኖሩ ሲኖዶሶች ዋሽንግተን ላይ ታረቁ። አቡነ መርቆሬዎስ ስንት ዓመት ከርመው አገራቸው ገቡ። አቡነ ማትያስ አስተዳደሩን፣ እሳቸው ጸሎትና ቡራኬውን ይዘው ይኸው የሁለቱም ስም በቅዳሴ ይነሳል። ሁለት ፓትርያርክ ባንድ ቤተ ክርስቲያን ተቻችለው፣ እኛ ባንድ ቁልፍ?»

«እሱ እኮ ጋሼ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ገብተውበት ነው» አለ አንዱ ከጥግ። ሕማማት መሆኑን ረስተን ሳቅን።

ሊቀ መንበሩ አልሳቀም። ከኪሱ ደብዳቤውን አወጣና ጮክ ብሎ አነበበው። «ሕገ ወጥ» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። «አባታችን፣ እኛ ሕገ ወጥ ነን?» አለ። ይህንን ደብር ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የለመደ ልጅ ነው።

አለቃ እጃቸውን ዘረጉ። ወረቀቱን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አደረጉ። ከቁጥሩ ጀምረው እስከ ግልባጩ ቀስ ብለው አነበቡት። እኔ ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ነበር። እስክሪብቶዬ ቆመ።

«ፊርማው የኔ ነው» አሉ። ትንሽ ቆዩ። «ስለዚህ ቃሉም የኔ ነው። አጥፍቻለሁ። ልጆቼ፣ ይቅር በሉኝ።» ከወንበራቸው ተነሥተው ለልጁ ዝቅ አሉለት።

ልጁ የሚሆነውን አጣ። ወረቀቱን መልሰው ሲሰጡት ማጠፍ ጀመረ። አጠፈው፣ ደግሞ አጠፈው፣ የክብሪት ቀፎ እስኪያክል ድረስ አጠፈው። እኔ «የደብሩ አስተዳዳሪ ይቅርታ ጠየቁ» ብዬ ጻፍኩ። ቀና አላልኩም። «ቃሉ የኔ ነው» ማለት ስንት ሰኮንድ ይፈጃል? ሦስት? አራት? አላልኩም። አለቃም ወደ እኔ ዞር አላሉም። ያችን ዞር አለማለታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

በማግስቱ ጸሎተ ሐሙስ ነው።

ከቀትር በኋላ ሕጽበተ እግር ተጀመረ። አለቃ ፎጣ ታጥቀው፣ የወይራና የወይን ቅጠል ይዘው፣ ከአንዱ ሰው ወደ አንዱ እያሉ ያጥባሉ። ጉልበታቸው ደህና አይደለም፤ ሲነሡ ዲያቆኑ ክርናቸውን ይይዛል። እኔ ወንዶቹ በኩል ተቀምጬ ካልሲዬን ኪሴ ውስጥ ከትቻለሁ። ሌላ ካህን እንዲደርሰኝ ቦታ ለመቀየር አስቤ ነበር። ግን ባዶ እግር ሆኖ ሰው መሀል መሽሎክሎክ ያስነቃል።

ደረሱ። ተረከዜን ያዙ። እጃቸው ከውሃው ይሞቃል። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፦

«ውሃው በረደህ?»

«አይ፣ አባ።»

«ሕገ ወጥ ያልኩት መቼ ነው?»

እግሬ ሳፋ ውስጥ ነው። እግሩ ሳፋ ውስጥ ያለ ሰው የትም አይሄድም።

«ፎርማቱ ነው፣ አባ።»

«ማነው?»

«ፎርማቱ። የቆየ ደብዳቤ ነበር። ኮፒ አድርጌ...»

«ለማን የተጻፈ?»

«ለባለ ሱቁ። ኪራይ ላልከፈለው።»

ዝም አሉ። ጣቶቼን አንድ ባንድ ማድረቅ ያዙ። ትንሿ ጣቴ ጋ ሲደርሱ፦

«እሱስ ከፈለ?»

«አልከፈለም፣ አባ።»

«እንግዲህ ለእሱም አልሠራም» አሉ። ቀጥለው «ሌላኛውን እግር አምጣ።»

አመጣሁ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። አጠቡ፣ አደረቁ፣ ወደ ጎረቤቴ ዞሩ። ጎረቤቴ እንባዬን አይቶ በመንፈስ የተነካሁ መስሎት በአድናቆት አየኝ።

ዓርብ ማታ ጥብጠባ ላይ ሆን ብዬ የሌላ ካህን ሰልፍ ገባሁ። ተራዬ ሲደርስ «አባ፣ ደብዳቤ አባብሻለሁ» አልኩ። «ምን አልክ?» አሉኝ፤ ግርግር ነው። ደገምኩላቸው። አልገባቸውም መሰለኝ፣ በወይራው ጀርባዬን ቸብ ቸብ አድርገው ሃምሳ ስገድ አሉኝ። ሃምሳ ለአሥራ አንድ ደብዳቤ ርካሽ ነው።

የቁልፉ ነገር ከትንሣኤ በኋላ ባንድ ጠዋት አለቀ። አስቀረጹት፣ ሁለት ሆነ። ቅዳሜ የልጆቹ፣ እሑድ የድግስ። ያን ሁሉ ወር ቁልፍ ቀራጩ ከግቢው በር ማዶ ጃንጥላውን ዘርግቶ ተቀምጧል።

ለእኔ ግን አዲስ መመሪያ ወጣልኝ። በቃል እንጂ በጽሑፍ አይደለም። «ለዚህ ግቢ ሰው ደብዳቤ ከመጻፍህ በፊት ሂድና ነገሩን ንገረው። ከዚያም መጻፍ ካስፈለገ ጻፍ።» በፀሐይም በዝናብም ሠላሳ ስድስት እርምጃ ሄጄ ሠላሳ ስድስት እመለስ ጀመር። አብዛኛው ደብዳቤ መንገድ ላይ ይቀራል። «አባታችን እንዲህ ብለዋል» ስል «እሺ፣ እንዳሉ» ይሉኛል፤ የሚጻፍ ነገር አይተርፍም። የዚያ ዓመት የወጪ መዝገቤ ቀጭን ነው።

እና ደስ አለህ ወይ? ካላችሁኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ አላለኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን ደሞዝ ቢቀጡኝ ደግሞ የበለጠ። የተቀጣ ሰው ከፍሎ ይገላገላል። እሳቸው ሒሳቤን በሰው ፊት ከፍለው ደረሰኙን ለብቻዬ ሳፋ ውስጥ ሰጡኝ። የሰው ትሕትና ሌላውን ሰው ምን ያህል እንደሚያሳንስ የሚነግረኝ አልነበረም። አንዳንድ ማታ እንዲያውም ይገባቸው ነበር እላለሁ። ሳያነቡ ማን ፈርም አላቸው? ይህን ብዬ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተዛወሩ። ሲሸኙ ልጆቹ በዚያው አዳራሽ ዘመሩላቸው። ሊቀ መንበሩ ሲያለቅስ አየሁት። ያችን የክብሪት ቀፎ የምታክል ወረቀት ጥሏት ይሆን ወይ ብዬ ልጠይቀው አስቤ ተውኩት። ደብዳቤውን የመታሁት እኔ መሆኔን ያውቃል። ቃሉን የጨመርኩት እኔ መሆኔን ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

አሁን ያሉት አለቃችን ጠንካራ ሰው ናቸው። በሰዓቱ ይገባሉ፣ እያንዳንዱን ወረቀት ሳያነቡ አይፈርሙም። ባለፈው ሰሞን ማይክ ሳይመለስ አድሮ «ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አዘጋጅ» አሉኝ።

«ሄጄ ልንገራቸው፣ አባታችን?» አልኩ።

«ደሞዝ የሚከፈልህ ለመጻፍ ነው ለመንገር?»

ተቀምጬ «ማሳሰቢያ የመጨረሻ»ን ከፈትኩ። አዎ፣ ፋይሉ አሁንም አለ፤ አላጠፋሁትም። «ሕገ ወጥ»ን ሰረዝኩ። «በጥብቅ»ን ሰረዝኩ። «3 የሥራ ቀናት»ን ሰረዝኩ። ሁለት መስመር ቀረ። አትሜ ይዤ ገባሁ።

አነበቡት። እስክሪብቶ አንሥተው ከ«እናሳስባለን» በፊት፣ ጠርዙ ላይ፣ ጥርት ባለ የቁም ጽሕፈት «በጥብቅ» ብለው ጨመሩበት።