ጉልበት ብቻ ሣሉ (የሥዕል ትምህርቴ ከምን ደረሰ)

ሰላም ወገን፣ የጎንደር ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ማንበብ እየተማርኩ ነው ብዬ ጽፌ ጠፍቼ ነበር አይደል፣ ይኸው መጣሁ። ዲፓርትመንታችን በሚቀጥለው ወር የሥነ ጥበብ ታሪክ ሌክቸሮችና ትንሽ የፎቶ ኤግዚቢሽን አለው፣ ከፎቶዎቹ ሥር የሚለጠፉትን ካርዶች ከሚጽፉት አንዱ እኔ ነኝ። ከ14ቱ 9ኙ አለፉልኝ! አምና እኮ ገብርኤልን ከሚካኤል አልለይም ነበር።

ጀማሪውን ነገር ልዝለለው። ደግ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉ በጎን ባንድ ዓይን ይሣላል፣ ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ያስለቀሰኝ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን የጎንደር ስልት (የመጀመሪያው የ17ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ፣ ሁለተኛው ከሱ በኋላ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የተስፋፋው የአሣሣል ስልት ነው) መለየት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እየሄድኩ አንገቴ እስኪቆለመም ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት አያለሁ፣ ከዛ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራው ቀዳማዊ ኢያሱ ስለሆነ ሥዕሉም የሱ ዘመን ነው ብዬ በድፍረት «የመጀመሪያው ስልት» ብዬ ካርድ ላይ ጻፍኩ። መምህራችን አይተው ሳቁ። የኢያሱ ሕንጻ ተቃጥሏል፣ አሁን የምናየው ከሱ በኋላ የተሠራ ነው። አፈርኩ በውነት፣ እዚሁ ተወልጄ!

ታዲያ የመጀመሪያውን ስልት ከግድግዳ ላይ የት ልየው? እ.ኤ.አ. በ1888 ድርቡሽ ብዙዎቹን አብያተ ክርስቲያናት አቃጥሏል። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን የግድግዳ ሥዕል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1932 የዳካር ጅቡቲ የሚባለው የፈረንሳይ ጉዞ ቡድን ነቅሎ ወሰደው፣ በምትኩ ቅጂ ተለጠፈ፣ ዋናው አሁን ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። ስለዚህ የጎንደር ልጅ ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብሎ የጎንደርን ሥዕል በዋይፋይ ያያል ማለት ነው። ተናድጄ ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ።

ያዳነኝ እርሳስ ነው። ስልኬ ላይ 400 ምናምን ፎቶ አለ፣ አንዱም አላስተማረኝም፣ ፎቶ የሚያነሳ ሰው አያይም ባይ ነኝ (እኔም አሁንም አነሳለሁ፣ አትስሙኝ)። ሙሉውን ሥዕል ለመገልበጥ አትድከሙ፣ የተቀመጠ ቅዱስ ፈልጉና ጉልበቱ ላይ ያለውን የልብስ እጥፋት ብቻ ሣሉ። እጃችሁ እንደ ትልም ጎን ለጎን መስመር እያሰመረ ከሄደ፣ ቀለሙም ደማቅና ጥርት ያለ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ነው። እርሳሱን አጋድማችሁ ጥላ ካላጠቆራችሁ አልመጣ ካላችሁ፣ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ጉልበት ከመሰለ፣ ሁለተኛው። ከዛ በኋላ ፊቱን እዩ፣ ሁለተኛው ፊቱም ላይ ጥላ አለው፣ ከኋላውም ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ዘዴው ብራና ላይ ላለ ሥዕልም ይሠራል፣ በሁለቱ መሃል ያለ ሥዕል ሲያጋጥመኝ ግን አሁንም እገምታለሁ፣ አልዋሽም።

ከተመለሱብኝ 5 ካርዶች አንዱ ሦስቴ ነው የተመለሰው፣ ጣና ናርጋ ሥላሴ ያለው የእቴጌ ምንትዋብ ሥዕል። እቴጌ ከማርያም እግር ሥር ተደፍተዋል፣ የትኛውን ጉልበት ልሣል? ዘመኑ ሁለተኛው መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው፣ መምህሩ ግን «ከሥዕሉ አሳየኝ» ነው የሚሉት። አሁን የልብሳቸውን ጥለትና ጌጥ እየቆጠርኩ ነው፣ ካርዱ ሐሙስ ይፈለጋል።