ሆቅ ዋሻ ውስጥ የጠበቀኝ ፊደል

የየመን ደሴት ሶቆትራ የሄድኩት ለአንድ ዋሻ ብዬ ነው። አብዛኛው መንገደኛ የሚመጣው ቀይ ደም የመሰለ ሙጫ የሚወጣውን ዛፍ ሊያይ ነው። ዛፉም በእውነት ያምራል። እኔ ግን አቡ ዳቢ ስሠራ ስለ ሆቅ ዋሻ ከሰማሁ ጀምሮ ልቤ እዚያው ነበር።

ዋሻው ከባሕሩ በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ገደማ ድንጋይ ለድንጋይ ወጣን። አስጎብኚዬ የመንደሩ ልጅ ነው፤ በነጠላ ጫማ እንደ ፍየል ይዘላል። ውስጥ ስንገባ እሱንም አወለቀ፣ እኔንም አስወለቀኝ። ትንሽ እንደሄድን የቀኑ ብርሃን ጠፋ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የውሃ ጠብታ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 የቤልጂየም ዋሻ አሳሾች እዚህ ጨለማ ውስጥ 250 ገደማ ጽሑፎችና ሥዕሎች አገኙ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1ኛው እስከ ከልደት በኋላ 6ኛው መቶ ዘመን ድረስ በዚህ ያለፉ መርከበኞች የተዋቸው ናቸው። በከሰል፣ በጭቃ፣ በስለት ስማቸውን ጽፈዋል። አብዛኛው ብራህሚ የሚባለው የጥንቱ የሕንድ ፊደል ነው። የደቡብ ዓረብ አለ፣ የግሪክ አለ፣ የእኛም አለ። መርከብ የሣሉም ነበሩ። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1507 መጥተው የደሴቱን ምሽግ ሲይዙ፣ ከእነዚህ ስሞች አብዛኞቹ አንድ ሺህ ዓመት አልፏቸው ነበር። እንግዲህ ደሴቱን ማን «አገኘው» ይባላል?

ከሁሉም የያዘኝ የአብጋር ነገር ነው። የፓልሚራ ሰው ነው፣ ከሶሪያ በረሃ። በእንጨት ሰሌዳ ላይ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ትቷል። ቀኑ እ.ኤ.አ. በ258 ሐምሌ ላይ ይውላል። ይህን ለአስጎብኚዬ ስነግረው ቆም አለ።

«ሐምሌ? በሐምሌ እዚህ ዓሣ አጥማጅ እንኳ አይወጣም። ነፋሱ ጀልባ ይገለብጣል» አለኝ።

ስለዚህ እኔ እንደሚመስለኝ አብጋር ነፋስ አግቶት ነው። ወራት ሙሉ ደሴቱ ላይ ተቀምጦ፣ ችቦ ይዞ እዚህ ድረስ ገባ። ዋሻው ውስጥ የዕጣን ማጨሻዎችም ተገኝተዋል። ሰው ባሕር ሲያስፈራው ወዴት ይሄዳል? ይጸልያላ።

የአክሱም ዘመን ፊደል ያለበት ግድግዳ ጋ ስንደርስ ልጁ መብራቱን ዝቅ አድርጎ በጎን አበራው። «ሐበሽ» አለኝ። ጭረቱ ቀጭን ነው፣ አንዳንዱ ጠፍቷል። ሙሉውን ላነበው አልቻልኩም። አንዷን ግን ለየኋት፣ «ለ» ናት። እማሆይ በአርጩሜ እየጠቆሙ ያስቆጠሩኝ ያችው «ለ»። ጉሮሮዬ ተናነቀኝ። ከአክሱም ወደብ ከአዱሊስ ተነስቶ ቀይ ባሕርን ጨርሶ፣ ከሶማሊያ ጫፍ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የመጣ ያገሬ ሰው እጅ ነው። ስለ ነገሥታቱና ስለ ሐውልቶቹ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ስለዚህ መርከበኛ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ልነካት እጄን ዘረጋሁ። ልጁ ክንዴን ያዘኝና ራሱን ነቀነቀ። ልክ ነው።

ወጥተን ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። ቀይ ባሕር በየት በኩል ነው ስለው፣ ፀሐይዋ ወደምትጠልቅበት በአገጩ አመለከተኝና ሻይ ሊያፈላ ተነሣ።